ትንሿ የጦር ጀልባ ምን ትችላለች? ምንስ ያቅታታል?



እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1967 አመሻሽ ላይ «ኤይላት» የተባለችው የእስራኤል የጦር መርከብ ከግብፁ ፖርት ሰይድ ወደብ ትይዩ፣ ሜዲትራኒያን ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ትቃኝ ነበር። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሠሯት፣ ከ1,700 ቶን በላይ የምትመዝን ዴስትሮየር ናት። ከወደቡ 13 የባሕር ማይል ያህል ትርቃለች፤ መድፍ አይደርስባትም። ትንንሽ ጀልባዎችን ደግሞ ልትፈራ የሚያበቃ ምክንያት አልነበራትም። በዚያው ዓመት ጁላይ ውስጥ በሲና ጠረፍ ሁለት የግብፅ ቶርፔዶ ጀልባዎች ሲገጥሟት ሁለቱንም በመድፏ አስጥማቸዋለች።

11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ከወደቡ በኩል እሳት የሚተፋ ነገር ብድግ ብሎ ወደ መርከቧ መጣ። መትረየሶቿ ተኮሱበት፤ አልቆመም። ከወደቡ ተነሥቶ መርከቧን እስኪመታ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ። ሞተሯ ቆመ፣ መብራቷ ጠፋ፣ እሳት ተነሣ። ሠራተኞቹ እሳቱን ለማጥፋትና ቁስለኞቹን ለማንሣት ሲረባረቡ ቆይተው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ሌላ ሚሳይል መጥቶ ጨረሳት። ከ199 ሠራተኞቿ 47ቱ ሞቱ። ከመርከብ በተተኮሰ ሚሳይል የሰመጠች የመጀመሪያዋ የጦር መርከብ «ኤይላት» ናት።

የተኮሱባት ሶቪየት ሠራሽ «ኮማር» ጀልባዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ከ60 ቶን ብዙም አይበልጡም፤ ርዝመታቸው 25 ሜትር ግድም ነው። የቶርፔዶ ጀልባ አካል ተወስዶ፣ በላዩ ሁለት «ፒ-15» ሚሳይሎች ተጭነውበት የተሠሩ ናቸው። ከ40 ኖት በላይ መሮጥ ይችላሉ። ያን ዕለት ግን አልሮጡም። ሚሳይሎቻቸውን የለቀቁት ከወደብ ሳይወጡ ነው።

ስለ ትንንሽ ፈጣን የጦር ጀልባዎች በሚነገረው ሁሉ ውስጥ ይህች ነጥብ ቸል ትባላለች። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ፍጥነታቸው ነው። የመንግሥታት ግዢም፣ የመርከብ ሠሪዎች ማስታወቂያም የሚጀምረው ስንት ኖት ትሄዳለች ከሚለው ነው። ከዚያ ምሽት እስከ ዛሬ ያለው የውጊያ መዝገብ ሲገለጥ ግን ትንሿን ጀልባ አስፈሪ ያደረጓት ሌሎች ሦስት ነገሮች ሆነው ይገኛሉ፤ የተሸከመችው ሚሳይል፣ የምትደበቅበት ጠረፍና ከሌላ ቦታ ሆኖ የሚያይላት ዓይን። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ፍጥነቷ አያድናትም።

ሐሳቡ ራሱ ከሚሳይል በፊት የነበረ ነው። በ1880ዎቹ የፈረንሳዩ አድሚራል ቴዎፊል ኦብ እንግሊዝን በውድ መርከቦች ብዛት መወዳደር እንደማይቻል አይቶ፣ ቶርፔዶ የጫኑ ርካሽ ጀልባዎች በብዛት ይሠሩ ብሎ ተሟገተ። እንግሊዞችም ዝም አላሉም፤ ቶርፔዶ ጀልባን አሳድዶ የሚያጠፋ አዲስ ዓይነት መርከብ ሠሩ። ዛሬ ዴስትሮየር የምንለው የመርከብ ዘር የተወለደው ከዚያ ነው። በጁን 1918 ደግሞ ሉዊጂ ሪትዞ የተባለ ጣሊያናዊ መኮንን በትንሽ የሞተር ጀልባ አድሪያቲክ ባሕር ላይ ንጋት ላይ ተጠግቶ፣ 20,000 ቶን የሚመዝነውን የኦስትሪያ-ሃንጋሪ የጦር መርከብ «ሴንት ኢሽትቫን»ን በቶርፔዶ አሰጠመ። ሪትዞ ቶርፔዶውን ለመልቀቅ እስከ ጠላት መርከብ ጥግ መጠጋት ነበረበት። ሚሳይል ጀልባዋን ከዚህ ግዴታ ገላገላት፤ ታላቁ ለውጥ ይህ ነው።

ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ከ«ኤይላት» ይልቅ በደንብ የሚያሳየው በፓኪስታኗ ወደብ በካራቺ ላይ የተፈጸመው ጥቃት ነው። በዲሴምበር 1971 ሕንድና ፓኪስታን ጦርነት ሲገጥሙ የሕንድ ባሕር ኃይል ከሶቪየት ኅብረት የገዛቸው «ኦሳ» ሚሳይል ጀልባዎች ነበሩት። እነዚህ ጀልባዎች የተሠሩት የራሳቸውን ወደብ እንዲጠብቁ ነው፤ ነዳጃቸው ሩቅ አያስኬድም። የሕንድ መኮንኖች ግን የመከላከያውን መሣሪያ ለማጥቂያ ሊያውሉት ቆረጡ። ከጀልባዎቹ ጋር ነዳጅ ጫኝ መርከብ እንዲሄድ፣ የተሻለ ራዳር ያላቸው ሁለት ፍሪጌቶችም አብረው ተጉዘው ዓይን እንዲሆኗቸው ተደረገ። ቀን ቀን የፓኪስታን አውሮፕላኖች ከሚደርሱበት ክልል ርቀው ቆዩ፤ ሲጨልም ወደ ካራቺ ገሠገሡ። በሬዲዮ ሲነጋገሩ በሥልጠና ጊዜ የተማሩትን ሩስኛ ይጠቀሙ ነበር፤ ጠላት ቢሰማ ማን እንደሆኑ በቀላሉ እንዳያውቅ።

በዲሴምበር 4 ሌሊት ሦስት ጀልባዎች፣ «ኒፓት»፣ «ኒርጋት» እና «ቪር»፣ ዴስትሮየሯን «ኻይበር»ን እና ፈንጂ ጠራጊዋን «ሙሐፊዝ»ን አሰጠሙ፤ የጭነት መርከብም መቱ። ከአራት ቀን በኋላ «ቪናሽ» የተባለች አንዲት ጀልባ ተመልሳ አራት ሚሳይሎች ተኮሰች፤ የካራቺ የነዳጅ ማከማቻ ጋኖች ነደዱ። ሕንድ በሁለቱም ሌሊት አንድም ጀልባ አልጠፋባትም። ዲሴምበር 4 እስከ ዛሬ የሕንድ ባሕር ኃይል ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከሰመጡት መርከቦች ባልተናነሰ ልብ ሊባል የሚገባው ፍርሃቱ ነው። በሁለቱ ጥቃቶች መካከል፣ በዲሴምበር 6፣ የፓኪስታን አውሮፕላኖች «ዙልፊቃር» የተባለችውን የራሳቸውን ፍሪጌት የሕንድ ሚሳይል ጀልባ መስላቸው ደበደቧት፤ ባሕረኞችም ሞቱ። ትንሽ ጀልባ በአካል ሳትኖር እንኳ እንዲህ ታደርጋለች። የት እንዳለች ስለማይታወቅ በሁሉም ቦታ ያለች ትመስላለች። ትልቁ ባሕር ኃይልም በእሷ ምክንያት መርከቦቹን ከጠረፍ ያርቃል፣ አውሮፕላኖቹን ለቅኝት ይበትናል፣ እንቅልፍ ያጣል። ድሃ አገር ከዚህ የተሻለ ነገር በዚህ ዋጋ አያገኝም፤ የትንሿ ጀልባ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

መድኃኒቱ ግን ወዲያው ነው የተገኘው። «ኤይላት»ን ያጡት እስራኤሎች ራሳቸውም ትንንሽ ጀልባዎች እያሠሩ ነበር። «ሳዓር» የተባሉትን ጀልባዎች የሠራችው ፈረንሳይ ነበረች። የመጨረሻዎቹ አምስቱ በማዕቀብ ምክንያት ሼርቡር ወደብ ላይ ተይዘው ሲቀሩ፣ በ1969 የገና ዋዜማ ሌሊት በማዕበል ውስጥ ሾልከው ወጥተው፣ መንገድ ላይ ነዳጅ እየተቀበሉ ሃይፋ ገቡ። ያን ጊዜ ዓለምን ያነጋገረው ማምለጡ ነበር፤ የጦርነቱን መልክ የቀየረው ግን ጀልባዎቹ ላይ በኋላ የተገጠመው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እስራኤል ከዓረብ ጎረቤቶቿ ጋር በተዋጋችበት በ1973ቱ ጦርነት፣ ኦክቶበር 7 ሌሊት ከሶርያዋ ላታኪያ ፊት ለፊት ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ የሶርያ «ፒ-15» ሚሳይሎች 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሱ ነበር። የእስራኤሉ «ገብርኤል» የሚደርሰው ግማሹን ነው። በወረቀት ላይ ቢሰላ እስራኤሎች መልስ የሚሰጡበት ርቀት ላይ ሳይደርሱ መመታት ነበረባቸው። ይሁንና የሶርያን ራዳር አወኩ፤ የብረት ብናኝ አየር ላይ በትነው ሚሳይሎቹን አሳቱ። የመጡት ሚሳይሎች በሙሉ ባሕር ውስጥ ገቡ። እስራኤሎች ተጠግተው ሦስት ሚሳይል ጀልባ፣ አንድ ቶርፔዶ ጀልባና አንድ ፈንጂ ጠራጊ አሰጠሙ። በጦርነቱ በሙሉ ከ50 በላይ «ፒ-15» ቢተኮስም አንድም የእስራኤል ጀልባ አልመታም። ከስድስት ዓመት በፊት ዓለምን ያስደነገጠው መሣሪያ በአንድ ሌሊት አረጀ።

የላታኪያ ተዋጊዎች በፍጥነት እኩያ ነበሩ። አሸናፊውን የለየው ማን ማንን ያሳውራል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ፍጥነት ራሱ ምን እንደሚያስከፍል ማየት ይገባል። ውኃ ከአየር በብዙ መቶ እጥፍ ይከብዳል። በግርድፉ ሲሰላ፣ ተራ ቅርጽ ያለው መርከብ ፍጥነቱን በእጥፍ ለማሳደግ ስምንት እጥፍ ያህል የሞተር ኃይል ይፈልጋል። ያ ሞተር ቦታ ይፈልጋል፤ ነዳጁም እንዲሁ። ቦታውና ክብደቱ የሚቀነሰው ከሌላ ነገር ነው፤ ከሚሳይሉ፣ ከአየር መከላከያው፣ ከምግብና ከውኃው፣ ከመለዋወጫው፣ ከባሕረኛው መኝታ። ከዚያም ጀልባዋ ቀላል እንድትሆን አካሏ በስስ አልሙኒየም ወይም በፋይበር ይሠራል። ትልቅ መርከብ አንድ ሚሳይል ተመትቶ፣ እሳቱን አጥፍቶ በአንድ ሞተር ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ሚሳይል ጀልባ ከተመታች ተመታች ነው።

ሰውም አለ። 40 ኖት ማለት በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕሩ ጸጥ ካለ ደስ ይላል። አንድ ሜትር ተኩል ማዕበል ሲነሣ ግን ጀልባዋ ከማዕበሉ ጫፍ ተወርውራ በደረቷ ትወድቃለች፤ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ እንደገና፣ ለሰዓታት። መሪውን የያዘው ሰው በመቀመጫው ታስሮ፣ ጥርሱን ገጥሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚቆየው። ራዳር የሚያነበው ሰው ጣቱን አንድ ቁልፍ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ሌላው ላይ ያርፋል። የራዳሩ ስክሪን ላይም የማዕበሉ ነጸብራቅ ከዒላማው ጋር ተቀላቅሎ ይታየዋል። በእነዚህ ጀልባዎች ላይ ዓመታት ያገለገሉ ባሕረኞች ወገባቸው፣ አንገታቸውና ጉልበታቸው መጎዳቱ በየአገሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሽያጭ ወረቀት ላይ የሰፈረው ኖት ለስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ባሕር፣ በምን ሁኔታ ላይ ባለ ሠራተኛ የሚለውን አይመልስም።

ሌላው ጉድለት ቁመት ነው። የጀልባዋ ራዳር ከውኃው 10 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀል፣ በምድር ክብነት ምክንያት ትልቅ መርከብ እንኳ የሚታየው ከ30 ኪሎ ሜትር እምብዛም ሳይርቅ ነው። የዛሬዎቹ ሚሳይሎች ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳሉ። ኖርዌይ የምትሠራው ኤንኤስኤም ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ጀልባዋ ክንዷ ከዓይኗ በጣም ይረዝማል። አውሮፕላን፣ ድሮን፣ ሳተላይት ወይም ተራራ ላይ የቆመ ራዳር ካላየላት በዚያ ሚሳይል ልትጠቀምበት አትችልም።

የሚያይላት የሌላት ጀልባ በሚያያት ጠላት እጅ ስትወድቅ ምን እንደምትሆን የታየው በ1991 በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነው። በጃንዋሪ መጨረሻ የኢራቅ ባሕር ኃይል ከኩዌት የማረካቸውንም ሚሳይል ጀልባዎች ጨምሮ ወደ ኢራን ለመሸሽ ወጣ። ከቡቢያን ደሴት አካባቢ ጀምሮ የእንግሊዝ ሊንክስ ሄሊኮፕተሮች ከላይ ጠበቋቸው። የተኮሱባቸው «ሲ ስኩዋ» የተባለ፣ 150 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ቀላል ሚሳይል ነው። ለትልቅ መርከብ ያ ሚሳይል ብዙም አያሳስብም፤ ለሚሳይል ጀልባ ግን ይበቃል። የአሜሪካና የካናዳ አውሮፕላኖችም ተጨመሩ። ለጥቂት ቀናት በቆየው አደን የኢራቅ ባሕር ኃይል እንደ ኃይል መኖሩ አከተመ። ጀልባ 40 ኖት ቢሮጥ፣ ሄሊኮፕተር ከ120 ኖት በላይ ይበርራል። ማምለጥ የሚባል ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ አሜሪካ ምን አደረገች? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤልሲኤስ የተባሉ የጠረፍ ውጊያ መርከቦች እንዲሠሩላት አዘዘች። 3,000 ቶን የሚጠጉ ናቸው፤ ከሚሳይል ጀልባ አንጻር ትልቅ፣ ከአሜሪካ ዴስትሮየር አንጻር ግን ትንሽ። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ተፈለገባቸው፤ ከ40 ኖት በላይ መሮጥ። ለአንዱ መርከብ የታሰበው ዋጋ 220 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተሠርተው ሲያልቁ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። «ፍሪደም» የተባለው ዓይነት ያን ፍጥነት ለማግኘት ሁለት ጋዝ ተርባይኖችንና ሁለት ናፍጣ ሞተሮችን በአንድ ማርሽ አቀናጅቶ መንዳት ነበረበት። ችግሩ እዚያ ማርሽ ላይ ሆነ። በኖቬምበር 2015 አገልግሎት የጀመረችው «ሚልዋኪ» ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ማርሿ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ተገኝቶ፣ በሌላ መርከብ ተጎትታ ወደብ ገባች። «ኢንዲፔንደንስ» በተባለው የአልሙኒየም ዓይነት ላይ ደግሞ አካላቸው ላይ ስንጥቅ በመገኘቱ፣ አንዳንዶቹ ማዕበል ሲበረታ ከ15 ኖት በላይ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ለ40 ኖት የተሠራ መርከብ በ15 ኖት!

ከእነዚሁ መርከቦች አንዷ የሆነችው «ሱ ሲቲ» በ2018 ሰንደቅ ዓላማ ሰቅላ ሥራ ጀመረች፤ በ2023 ከአገልግሎት ተሰናበተች። 25 ዓመት እንድታገለግል የታሰበች መርከብ አምስት ዓመት አልደፈነችም። ጥፋቱ የአንድ ፋብሪካ ወይም የአንድ ማርሽ ብቻ አይደለም። ማንም «ይህ ፍጥነት ለየትኛው ውጊያ ነው?» ብሎ አጥብቆ ሳይጠይቅ፣ ፍጥነቱ አስቀድሞ ተወስኖ የቀረው ሁሉ ከእሱ ጋር እንዲስማማ ተደረገ። በኋላ መርከቦቹ ቁም ነገር ያገኙት ፍጥነታቸው ሲጨመር ሳይሆን፣ ያው ኖርዌይ ሠራሽ ሚሳይል አንዳንዶቹ ላይ ሲገጠም ነው።

ኖርዌይ ራሷ 60 ኖት የምትሮጥ ጀልባ አላት፤ «ሽሆል» ትባላለች፤ ስድስት ናቸው። በአየር ትራስ ላይ ግማሽ ተንሳፍፋ የምትሄድ፣ ስምንት ሚሳይሎችን አካሏ ውስጥ ሸሽጋ የምትይዝ፣ 20 ያህል ሠራተኛ ያላት ናት። ይህች ለምን ተሳካላት? ኖርዌይ ጠረፏ አብዛኛው በተራራ የታጠረ ጠባብ የባሕር ሰርጥ ስለሆነ ነው። ጀልባዋ ገደል ሥር ተጠግታ ትቆማለች፤ ራዳር ከድንጋዩ አይለያትም። ትተኩሳለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰርጥ ትሮጣለች። ፍጥነቷ የሚያስፈልጋት ለዚያች አጭር ሩጫ ነው። ይህችኑ ጀልባ ሕንድ ውቅያኖስ መካከል ብትጥላት ግን ነዳጅ የጨረሰች፣ የተጋለጠች ዕቃ ናት።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምጽዋ ላይ የተቋቋመውን ባሕር ኃይል ካደራጁትና ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩበት። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት «ኦሳ» ሚሳይል ጀልባዎች መጡ፤ ካራቺን ያነደዱት ዓይነት። ነገር ግን የጦርነቱ ጠባይ ሌላ ነበር። «ፒ-15» የተሠራው በራዳር ጎልቶ ለሚታይ ትልቅ መርከብ ነው። በኤርትራ ጠረፍ የገጠመው ተፋላሚ ግን ትልቅ መርከብ አልነበረውም፤ በደሴቶች መካከል የሚሽሎከለኩ፣ መትረየስና ቀላል መድፍ የጫኑ ፈጣን ጀልባዎች ነበሩት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከየብስም ከባሕርም ስትጠቃ እነዚያ ጀልባዎች በውጊያው ተካፋይ ነበሩ። ሚሳይል ጀልባዎቹ የራሳቸው ጠረፍ ሲጠፋ መደበቂያም መጠገኛም ጠፋባቸው። ባሕር ኃይሉን መጨረሻ ላይ የጣለው የየብሱ ሽንፈት ነው፤ በ1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ። በዚያ አገልግሎት ብዙ ወጣት ባሕረኞች ሕይወታቸውን ከፍለዋል፤ ታሪካቸው በበቂ አልተጻፈም።

አሁን ደግሞ ጀልባዋ ላይ ያለው ሰው እየወረደ ነው። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ሌሊት የሩስያዋ ሚሳይል ኮርቬት «ኢቫኖቬትስ» ክሬሚያ ውስጥ ዶኑዝላቭ ሐይቅ ላይ ሳለች «ማጉራ ቪ5» የተባሉ የዩክሬን ሰው አልባ ጀልባዎች ተራ በተራ ገጠሟት። እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ተኩል ርዝመት አላቸው፤ ከ300 ኪሎ በላይ ፈንጂ ይሸከማሉ። መትረየስ ተኩሳ ልታቆማቸው ሞከረች፤ የመጀመሪያው አቁስሏት፣ ቀጣዩ በተቀደደው ጎኗ ገብቶ አፈነዳት። «ኢቫኖቬትስ» ራሷ ትልቅ መርከብ እንድትገድል የተሠራች የ«ኦሳ» ወራሽ ናት። ከሷ ያነሰ፣ ከሷ የረከሰ መጣባት። ማዕበሉ ሲያላጋው የሚጎዳ ወገብ፣ ሲሞት የሚለቀስለት ሠራተኛ የሌለው ጀልባ የፍጥነትን ሒሳብ ይለውጠዋል፤ ለሰው መኝታ፣ ምግብና ውኃ የሚሆነው ቦታ ሁሉ ለፈንጂና ለነዳጅ ይተርፋል።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የውጭ ንግዷ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ጅቡቲም ያለችው በባብ ኤል መንደብ በር ላይ ነው። በዲሴምበር 31 ቀን 2023 አራት የየመን ሁቲ ታጣቂዎች ትንንሽ ጀልባዎች «ሜርስክ ሃንግዡ» የተባለችውን ዕቃ ጫኝ መርከብ ሊይዙ ሲጠጉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ደርሰው ሦስቱን ከነሠራተኞቻቸው አሰጠሙ፤ የቡቢያን ነገር ተደገመ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጁን 12 ቀን 2024፣ ሰው አልባ ጀልባ የድንጋይ ከሰል የጫነችውን «ቱተር»ን ከኋላ መታት። የሞተሩ ክፍል ውኃ ሞላ፣ አንድ ባሕረኛ ሞተ፣ መርከቧም ከቀናት በኋላ ሰመጠች። ሁቲዎች ያን ጀልባ ለመሥራት መርከብ ማምረቻ አላስፈለጋቸውም።

ሄሊኮፕተሩም ቢሆን እንደ ድሮው በነጻነት ከላይ ማንዣበቡ ያጠራጥራል። በዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ ከ«ሃንግዡ» ጥቃት ልክ ዓመቱን፣ ዩክሬን ሚሳይል የተገጠመለት «ማጉራ» ጥቁር ባሕር ላይ የሩስያ ሚ-8 ሄሊኮፕተር መትቶ መጣሉን አስታወቀች። ለእነዚህ ጀልባዎች የቀረው ጠላት በላታኪያ ሌሊት የታየው ነው። ሰው አልባዋ ጀልባ የምታየውም የምትታዘዘውም በሬዲዮና በሳተላይት ግንኙነት ስለሆነ፣ ያን መስመር መቁረጥ የቻለ መሪዋን ይነጥቃታል። ዛሬ ጥቁር ባሕር ላይ ሁለቱም ወገኖች ገንዘባቸውንም መሐንዲሶቻቸውንም እያፈሰሱ ያሉት እዚያ መስመር ላይ ነው።